በመስኮቱ ብረት በኩል የታረሰ እርሻ

የብሎካችን የቀን ጥበቃ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት በእኔ መስኮት ነበር። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ምድር ቤት የደረሰው ሰው ይህን አውቆ ነው የሚገባው። ልጆች ኳሳቸውን ግድግዳው ላይ ይለጋሉ፣ ቆሻሻ የሚደፋው በደጁ ያልፋል፣ ጥበቃውም ወንበሩን ከመስኮቱ ሥር ያደርጋል። እኔ የቻርጀሩን ገመድ በመስኮቱ ብረት መሃል አሾልኬ እሰጣቸዋለሁ፣ እሳቸው ይመርቁኛል። ለረጅም ጊዜ የነበረን ግንኙነት ይኸው ነው።

አባባ ነው የምላቸው። ብሎኮቹ ከመቆማቸው በፊት እዚሁ ያርሱ እንደነበር ሰምቻለሁ፤ ሰምቼም ዝም ብያለሁ። እኔ ዕጣው ሲወጣልኝ እናቴን አቅፌ የዘለልኩበት ቤት ነው። ያንን ወሬ ከእሳቸው ጋር ማንሳት አይመቸኝም ነበር፣ እሳቸውም አያነሱትም።

ሥራዬ ቃሊቲ ባለ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኮምፒውተሮችን ማስተዳደር ነው። አንዳንድ ቀን ከቤት እሠራለሁ። ላፕቶፑ የመሥሪያ ቤቱ ስለሆነ ጌም መጫን ክልክል ነው። ክልከላውን አርቅቄ ለሠራተኛው ሁሉ በኢሜይል የላክሁት ደግሞ እኔው ነኝ። "የመሥሪያ ቤቱ ንብረት ለመሥሪያ ቤቱ ሥራ ብቻ" ብዬ በደማቁ ጽፌዋለሁ።

እና እኔ ጌም እጫወታለሁ። ያውም የእርሻ ጌም! ተኩስ ቢሆን እንኳ ከሥራ ባልደረቦቼ ወንዶች ጋር የማወራው ነገር አገኝ ነበር። እኔ ግን እናቴ "መቼ ነው የምታገቢው" እያለች በምትደውልበት ዕድሜ፣ ምሳ ሰዓት ላይ ትራክተር እየነዳሁ ስንዴ እዘራለሁ። ስልክ ሲጠራ ድምፁን የማጠፋው እንደ ሌባ እየተጣደፍኩ ነው።

ክልከላውን ያለፍኩት በሙያዬ ነው። በእኛ ሥራ ኮንቴይነር የምንለው ነገር አለ። ኮምፒውተሩ ውስጥ ለብቻው ታጥሮ የሚቀመጥ ክፍል ማለት ነው፤ ግቢ ውስጥ የሚከራይ ሰርቪስ ቤት በሉት። ተከራዩ የራሱ በር አለው፣ ትልቁ ቤት ውስጥ አይገባም፣ ለቆ ሲሄድም ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ጌሞቹን የሚያወርደውንና የሚያስነሳውን ፕሮግራም እዚያ ውስጥ አስገባሁት። ቀላል አልነበረም። መጀመሪያ ስክሪኑ አልታይህ አለው፣ ቀጥሎ ድምፅ እምቢ አለ፤ ሁሉንም በየተራ ቀዳዳ እያበጀሁ አሳየሁት። የተደሰትኩበት ነገር ግን ሌላ ነው። የሆነ ቀን ቢያስፈልግ በአንድ መስመር ትእዛዝ ክፍሉን ከነተከራዩ አጠፋዋለሁ፤ ማንም መጥቶ ቢፈትሽ ዱካ አያገኝም። በዚህ ብልጠቴ ብቻዬን ፈገግ እል ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ መስኮቱ ተከፍቶ፣ ስንዴዬን እያጠጣሁ ሳለ ከኋላዬ ድምፅ ሰማሁ።

"ልጄ፣ ይሄ የማን መሬት ነው?"

አባባ ናቸው። ስልካቸውን ሊነቅሉ ጎንበስ እንዳሉ ዓይናቸው ስክሪኑ ላይ ቀርቷል። ምነው መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ።

"የማንም አይደለም አባባ፣ ጨዋታ ነው።"

"የማንም ካልሆነ ለምን ታጠረ?"

"የእኔ ነው" አልኩ በመጨረሻ። እዚያ ቦታ ላይ ቁጭ ብዬ፣ ለእሳቸው፣ መሬቱ የእኔ ነው ማለት ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው። ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ። እሳቸው ደግሞ ጭራሽ መረቁኝ። "ሰፊ ነው። እግዜር ይባርክልሽ" አሉ።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነና በማግሥቱ ጆይስቲክ ገዛሁ። ገመዱ ረጅም የሆነውን መረጥኩ። ለኮንቴይነሩም አንድ ተጨማሪ ቀዳዳ ከፍቼ ጆይስቲኩን አሳየሁትና፣ ላፕቶፑን ወደ መስኮቱ አዙሬ ገመዱን እንደ ቻርጀሩ በብረቱ መሃል አሾልኬ ሰጠኋቸው።

አባባ ትራክተር ሲነዱ መኪና የሰረቀ የታክሲ ረዳት ነው የሚመስሉት። የመጀመሪያውን ቀን በጎረቤት አጥር አልፈው ወንዝ ውስጥ ከተቱት፤ እኔ ስጮህ እሳቸው በሳቅ ጋቢያቸው ከትከሻቸው ወደቀ። ጤፍ የለም ሲባሉ ተናደዱ። "ታዲያ እነዚህ ሰዎች ምን በልተው ነው የሚያርሱት?" አሉኝ። ሲለምዱት ግን በእኔ እርሻ መንዳት ሰለቻቸው፤ የራሳቸውን ጠየቁ። አዲስ መሬት ከፈትኩላቸው።

መጀመሪያ ዝም ብለው የሚያርሱ መስሎኝ ነበር። ቀስ እያለ ነው የገባኝ። "ቤቱን ወደዚያ አድርጊው፣ ፊቱ ወደ ወንዙ ይሁን።" "እዚህ ጋ ዛፍ መትከል ይቻላል? ትልቅ ይሁን፣ ግራር ነገር።" "አጥሩ እዚህ ላይ ይጠምዘዝ፤ ለምን አትበዪኝ፣ ይጠምዘዝ።" አንድ ቀን በጣታቸው ስክሪኑ ላይ አንዱን ጥግ ነክተው፣ ከዚያ ወደ ክፍሌ አመለከቱ። "አንቺ አልጋሽ ያለበት የበሬዎቹ በረት ነበር" አሉ። ሳቅን፣ ሁለታችንም። እሳቸው ስቀው ወደ እርሻቸው ተመለሱ። እኔ ግን ያን ማታ የተኛሁት ከአልጋው ጠርዝ ላይ ነው፤ ቂልነት መሆኑን እያወቅሁም አፈርኩ።

ተረኛው መጥቶ ሲቀይራቸው ጆይስቲኩን በሁለት እጃቸው ይመልሱልኛል። ሁልጊዜም አንድ ነገር ይላሉ።

"አደራ ልጄ። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።"

"አይጠፋም አባባ፣ ኮምፒውተር አይረሳም" እላለሁ።

እውነቱን ለመናገር ግን ኮምፒውተሩ እንዳይረሳ ማድረግ የእኔ ፋንታ ነበር። ኮንቴይነር ሲጠፋ ውስጡ ያለው ሁሉ አብሮ ይጠፋል። የሚፈለገውን ነገር ከክፍሉ ውጭ ባለ ማኅደር ውስጥ አስሮ ማኖር የሙያችን ሀ ሁ ነው፤ አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር መጀመሪያ የማስተምረው እሱን ነው። ለጌሜ ግን አላደረግኩትም፤ ዱካ እንዳይኖረው ነበር የፈለግሁት። ኢንተርኔቱ እያስቸገረኝ ደግሞ የጨዋታውን ቅጂ በኢንተርኔት ከጌሙ ድርጅት ዘንድ የሚያስቀምጠውንም አገልግሎት ዘግቼዋለሁ። የአባባ መሬት ያለው እዚያች ሰርቪስ ቤት ውስጥ ብቻ ነበር።

ስንዴያቸው ደረሰ። "ነገ አጨዳ ነው" ብለውኝ ሄዱ፤ ሲሄዱ ያፏጩ ነበር።

በነጋታው ጠዋት፣ እሳቸው ተራቸውን ሳይረከቡ፣ አለቃዬ ደወለ። ከውጭ ተቆጣጣሪ መጥቷል፣ የመሥሪያ ቤቱ ላፕቶፖች በሙሉ ይታያሉ፣ ያንቺንም ይዘሽ ነይ አለኝ። ክልከላውን የጻፈችው ሴት ላፕቶፕ ውስጥ ትራክተር ሲገኝ ታየኝ። አለቃዬ ሲስቅ ታየኝ፤ በየቢሮው ሲወራ፣ ሻይ ክበብ ስገባ ሲጠቃቀሱብኝ ታየኝ። እጄ ራሱ ነው የጻፈው፣ አንዷን የማጥፊያ መስመር። የሚፈጀው አንድ ትንፋሽ ነው። ከዚያ ተጣጥቤ ወጣሁ፤ ቀልሎኝ ነበር።

አውቶቡሱ ከኮንዶሚኒየሙ ወጥቶ ዳር ላይ ገና ያልተሠራባት ማሳ ጋ ሲደርስ፣ ሁለት ሰዎች ጎንበስ ብለው ሲያጭዱ አየሁ። ክው አልኩ። እስከዚያ ሰዓት ድረስ አባባ ትዝ አላሉኝም ነበር። ሌላውን ሁሉ ለራሴ ይቅር ብል እንኳ ይቺን ይቅር ማለት ያቅተኛል፤ ጨክኜ አይደለም፣ ጭራሽ ትዝ አላሉኝም።

ተቆጣጣሪው ላፕቶፑን ገልብጦ ጀርባው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አየና መለሰልኝ። አልከፈተውም።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ ተመለስኩ። አባባ ወንበራቸውን ከመስኮቴ ሥር አድርገው እየጠበቁኝ ነው። ጋቢያቸው ታጥቧል። ገና መስኮቱን ከፍቼ የቻርጀሩን ገመድ ሳቀብላቸው ስልካቸውን ሰኩና በፌስታል የተቋጠረ ቆሎ በብረቱ መሃል አሾለኩልኝ፣ ገብስና ሽምብራ፣ ትኩስ ነው።

"አጨዳ ቀን ሠራተኛ ሳይቀምስ አይውልም" አሉ። "በይ አብሪው።"

ተበላሽቷል ልል አፌን ከፍቼ ነበር። ያውቁብኛል ብዬ አይደለም፤ አያውቁብኝም። ግን ቆሎው እጄን ይሞቀኛል።

"አባባ፣ እርሻው የለም። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

"እንዴት?"

"መሥሪያ ቤት እንዳያዩብኝ ብዬ። አፍሬ።"

ፊታቸው ላይ ንዴት ብፈልግ አጣሁ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

"ሁሉንም?"

"ሁሉንም።"

"ዛፉንም?"

"ዛፉንም አባባ።"

እንደገና እንሠራዋለን አልኳቸው። ዛሬውኑ እከፍታለሁ፣ አሁን እንዳይጠፋ አድርጌ አስረዋለሁ፣ ቤቱም ወደ ወንዙ፣ አጥሩም እንደጠመዘዙት፣ ሁሉንም አስታውሰዋለሁ እያልኩ ለፈለፍኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ቶሌ አሉ፣ እሺ እንደማለት፤ እሺ እንዳላሉኝ ግን ሁለታችንም እናውቃለን። ቆሎውን ልመልስላቸው ስል እጄን በብረቱ መሃል መለሱት።

"ብዪው። ለአጨዳው የመጣ ነው።"

ስልካቸውን ነቀሉ። የቻርጀሩን ገመድ በእጃቸው ጠቅልለው፣ እንዳይቋጠር አስተካክለው ሰጡኝ። ወንበራቸውን አንስተው ሁለት እርምጃ ከሄዱ በኋላ ነው ዞር ያሉት፤ ሊወቅሱኝ አልመሰለኝም፣ ነገሩ ከንክኗቸው ነው።

"መሬቱን የወሰዱት እንኳ ቀድመው ነግረውን ነበር እኮ ልጄ" አሉ።

አዲሱን መሬት ከፍቼዋለሁ። ውጭ ታስሮ ተቀምጧል፣ ኮንቴይነሩ መቶ ጊዜ ቢጠፋ አይነካውም። ግራሩንም ተክያለሁ። ጆይስቲኩ መስኮቱ ላይ እንዳለ ነው። አባባ ስልካቸውን ቻርጅ የሚያደርጉት አሁን በጎረቤቴ መስኮት ነው። ጠዋት በአጠገባቸው ሳልፍ እንደ ወትሮው ይመርቁኛል፤ እኔም አሜን እላለሁ፣ መሬት መሬቱን እያየሁ።