አፈር ያላለበሳት

ሀቢሶ በስደት በምንኖርባት ኦሬንጅ ፋርም ካለችው ሱቁ ለቤተ ክርስቲያን ካልሆነ ለምንም አይወጣም። ከፍርግርጉ ጀርባ ቆሞ ዳቦና የስልክ ካርድ ሲያቀብል ይመሽበታል። የጉባኤያችን ሰዎች ደርባን ባሕር ዳርቻ ለመዋል አውቶቡስ ሲከራዩ ስሙን ያስመዘገብኩት እኔ ነኝ። ቢጠየቅ እንቢ እንደሚል አውቃለሁ። ጎረቤቱ ስለሆንኩ ዝምታው ለእኔም መትረፍ ጀምሮ ነበር።

ሚስቱ የዓለምወርቅ ካረፈች ሁለት ዓመቷ ነው። እዚሁ ታማ ሞተች፤ እንደ ልማዳችን አዋጥተን አስከሬኗን አገር ቤት ወደ ሆሳዕና ላክን። እሱ ግን አብሯት መሄድ አልቻለም። በጥገኝነት ወረቀት የሚኖር ሰው አንዴ ከወጣ መመለሻ የለውም፤ እዚያ አያታቸው ዘንድ ያሉት ልጆቹ ደግሞ የሚኖሩት ከሱቋ በሚልከው ገንዘብ ነው። የቀብሩ ዕለት ወንድሟ በስልክ እያሳየው ሳለ፣ ሳጥኑ ገና ሲወርድ ሰፈራችን መብራት ጠፋ፤ ኔትወርኩም አብሮ ሄደ። አጠገቡ ነበርኩ። የጨለመውን ስልክ ኪሱ ከተተና "ደንበኛ መጥቷል" ብሎኝ ተነሳ። እውነቱን ልናገርና ልበ ደረቅ ነው ብዬ ታዝቤዋለሁ።

ደርባን ስንደርስ ሰዉ ሁሉ ጫማውን እያወለቀ ወደ ውሃው ሮጠ፤ ሀቢሶ ግን የለም። እዚህ ድረስ አምጥቼው ደግሞ ልፈልገው ነው ብዬ ተናደድኩ። ያገኘሁት ከባሕሩ በላይ ባለው ጉብታ፣ አጥሩ የፈራረሰ አሮጌ መካነ መቃብር ውስጥ ነው። የመርከበኞችና የሕፃናት መቃብር ይበዛበታል፤ የባሕሩ ነፋስ ድንጋዮቹን በልቷቸው ጽሑፋቸው በቅጡ አይነበብም። ሀቢሶ ተንበርክኮ ከአንዱ መቃብር ላይ አረም ይነቅላል።

"የማን ነው?" አልኩት።

"አላውቃትም።" በጣቱ ድንጋዩን አሳየኝ። ስሟ ጠፍቶ "የተወደደች ሚስት" የሚለው እንግሊዝኛ ብቻ ቀርቷል።

"ሰዉ ምሳ እየበላ ነው፤ ተነሳ እንሂድ።"

የመቃብሩ አንድ ጎን ሰርጉዶ ነበር። ሀቢሶ ከአጥሩ ሥር አፈር በእጁ እየዘገነ እያመጣ ሞላው። ሲበቃው መዳፉን አፈሩ ላይ አሳርፎ፣ "ምሕረቱ፣ እኔ እኮ የዓለምወርቅን አፈር አላለበስኳትም" አለኝ።

ሁለት ዓመት ሙሉ ሆድ ይፍጀው ብሎ የተሸከመውን ሰው ልበ ደረቅ ማለቴ አሳፈረኝ። አጠገቡ ተንበርክኬ እኔም ዘገንኩ። የወገኖቻችን ሳቅ ከታች ይሰማን ነበር።

በማግስቱ ሲነጋጋ ኦሬንጅ ፋርም ገባን። ሀቢሶ የቤቱን በር ከፈተና ደጃፉ ላይ ቆመ። ባሕር ዳርቻ ውሎ እጁን አልታጠበም፤ አፈሩ በጥፍሮቹ ሥር ደርቋል።

"ውሃ ታመጣልኛለህ?" አለኝ።

ቧንቧው እዚያው ቤቱ ውስጥ ስለሆነ መጀመሪያ ግራ ገባኝ። በኋላ ትዝ አለኝ። አገራችን ከቀብር የተመለሰ ሰው ደጅ ላይ እጁን ሳይታጠብ ወደ ቤት አይገባም፤ ውሃውን የሚያፈስለት ደግሞ ጎረቤት ነው። ከቤቴ በጆግ አምጥቼ አፈሰስኩለት። ቀስ ብሎ፣ ጣቶቹን እያሸ ታጠበ።

"እግዚአብሔር ያጽናህ" አልኩት።

"አሜን" አለና ገባ። ያን ቀን ሱቁን አልከፈተም።