ጠረጴዛ ሥር የቀረው መረብ

ጣሰውን ሞኝ ነው የሚሉ አሉ። ሞኝስ አልነበረም፤ ቃል ከሰጠ አይቀልድም እንጂ። ሠላሳ ዓመት ጎጀብ ወንዝ ላይ ዓሣ እያጠመደ ልጆች ያሳደገ ሰው ነው። ወንዙ የሚያርፍበትን ጥልቅ ኩሬ እንደ ጓዳው ያውቀዋል።

በ2005 ግንቦት ላይ ዓሣ አጥማጆቹ ቦንጋ ለስብሰባ ተጠሩ። ከአዲስ አበባ የመጣው ሰውዬ አገሮች ውጭ ተሰብስበው ዓሣ እንዳይጠፋ በፈቃዳቸው ቃል መግባታቸውን፣ የእኛም አገር አብራ መግባቷን አስረዳ። እናንተም ግቡ አለ፤ ክረምት እንቁላል በሚጥልበት ጊዜ አታጥምዱ፣ ዓይነ ጠባብ መረብ ተዉ፣ ዓሣ የሚያሰክረውን የብርብራ ዱቄት ውሃ ውስጥ አትበትኑ። ሌላው ፈርሞ አበሉን ተቀብሎ ወጣ። ጣሰው ግን ብድግ ብሎ፣ ሽማግሌ ፊት እንደቆመ ሰው፣ በልጆቹ ማለ። ከኋላ የሳቁበት ነበሩ።

በማግስቱ ያለችውን አንዲት ዓይነ ጠባብ መረብ ተሸክሞ ሄዶ ለወረዳው የዓሣ ባለሙያ ለፀደንያ አስረከበ። ልጅቷ ግራ ገባት፤ ማስቀመጫ ብታጣ ጠረጴዛ ሥር ከተተቻት።

ክረምቱን የሰው ቡና ሲያርም ከረመ። ሚስቱ ዓባይነሽ አላስቀምጥ አለችው።

«አብሮህ የፈረመው ተክለጻድቅ ትናንትም ዓሣ ይዞ ሲያልፍ አየሁት። አንተ ብቻ ነህ የማልከው?»

«በጋ ይምጣና ዓሣው ሲያድግ ታያለሽ» አላት። እሱም ቢሆን ሆዱ ስላልቆረጠለት የተክለጻድቅን ነገር ሊነግራት ፀደንያ ዘንድ ሄደ።

«ጋሽ ጣሰው፣ በፈቃደኝነት ስለሆነ መቅጫ ሕግ የለንም» አለችው ዓይኑን ሳታይ። «ሪፖርቱ ግን ሁላችሁም ቃላችሁን ጠብቃችኋል ብሎ ሄዷል።»

ተናዶ ወጣ። መሐላውን ግን አላፈረሰም።

ጥር ላይ ቡና አርሞ ባገኘው ገንዘብ የገዛውን ዓይነ ሰፊ መረብ ይዞ ኩሬው ወረደ። ዓሣው ትንሽ ትልቅ ሳይል ሆዱን ወደ ሰማይ ሰጥቶ ይንሳፈፋል። ድንጋዩ ላይ የብርብራ ዱቄት ቀርቷል፤ ተክለጻድቅ ትልልቁን ለቅሞ ጆንያ ያስራል።

«አብረን አልፈረምንም ወይ?» አለው ጣሰው።

«ጋሼ፣ እኔ ብተወው ሌላው ይበትነው የለ? እስከ ዛሬስ ማን ጠየቀኝ?» ብሎ ጆንያውን ተሸክሞ ሄደ።

ጣሰው ሊማታ ሁለት እርምጃ ተከተለውና ተመለሰ። ዳር ላይ ብዙ ተቀመጠ። ቤት ዓባይነሽ ባዶ ድስት ይዛ ትጠብቀዋለች። በመጨረሻ ሱሪውን ሰብስቦ ገባና፣ ተክለጻድቅ ንቆ የተዋቸውን፣ በአዲሱ መረብ ዓይን ሾልከው ያመልጡ የነበሩትን ጣት የማያክሉ ዓሦች አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።