ሸጊት ግድግዳ ላይ የወጣች ለት

ባሌን ላቀውን ከሩቅ ያየው ሰው ጭምት ይመስለዋል። አይምሰላችሁ። ድምፁ ዝግ ያለ፣ አንገቱን ደፋ አድርጎ የሚሄድ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ የማይጠፋ ሰው ነው፤ ግን አንዴ "እንዲህ ነው" ካለ ሰማይ ቢወርድ ንቅንቅ አይልም። "ዛሬ አይዘንብም" ብሎ ከቤት ይወጣና ዝናቡ ራሱ ላይ እየወረደበት "ይሄ ዝናብ አይደለም፣ ጉም ነው" ይለኛል። ጋቢውን እኔ ነኝ የምጨምቀው። ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ እግዜር ይይልኝ።

እርሻችን ከደባርቅ ወጣ ብሎ ነው። ላቀው ከእርሻው ሌላ አንዲት በቅሎ ነበረችው። ከአባቱ የወረሳት ናት፣ ስሟ ሸጊት። የግራ ጆሮዋ ጫፉ የተቆረጠ፣ አንድ የፊት እግሯ ነጭ ካልሲ ያጠለቀ የሚመስል። ፈረንጅ ወደ ሰሜን ተራሮች ሲወጣ እሷ ጓዙን ትሸከማለች፣ እሱ ይነዳታል። አንድ ጊዜ ታዲያ ጨነቅ ካምፕ ሰንብቶ ብቻውን መጣ።

"ሸጊትስ?" አልኩት።

"ከጅብራ ግንድ ጋር አስሬያት፣ ዓይኔን ሳልከድን ስጠብቃት፣ ፊቴን ላፍታ ባዞር ወሰዷት።"

"ማን ወሰዳት?"

"ማን ይሆናል? ስጦታ ነዋ!"

ስጦታ ታናሽ ወንድሙ ነው። ያን ለት በጨነቅ በኩል ገመድ ይዞ ሲያልፍ ታይቷል ተባለ። ገመድ! በእኛ አገር ገመድ ሳይዝ ከቤቱ የወጣ ገበሬ ካለ አሞታል ማለት ነው። ደግሞ አባታቸው ሞተው ሸጊት ለላቀው ስትደርስ ስጦታ ከንፈሩን ነክሷል ተባለ። በቃ፣ ይኼው ነው ማስረጃው። ስጦታ በታቦት ማለ። ላቀው "ይማል፣ ምላሱ የራሱ ነው" አለና ፊቱን አዞረ።

አራት ዓመት ተዘጋጉ። የምንቀዳው ከአንድ ምንጭ፣ አጥራችን አንድ፣ ሰላምታ ግን የለም። ስጦታ ልጁን ሲድር ባሌ ከሠርጉ ቀርቶ በረት ገባ። ላሞቹ መሃል ተቀምጦ፣ ከአጥሩ ማዶ የሚመጣውን ዘፈን በእግሩ እየመታ ሲያዳምጥ በቀዳዳ አየሁት። ጉድ እኮ ነው! ገብቼ "ምን ታደርጋለህ?" ብለው "በረት እጠርጋለሁ" አለኝ፤ መጥረጊያ እንኳ አልያዘም።

ከዚያ አንድ ቀን ባሌ በሌለበት ስጦታ መጣ። እኔ ለላቀው ስዳር ገና ንፍጡን የማይጠርግ ልጅ ነበር፤ እኔ ነኝ ያጎረስኩት፣ እኔ ነኝ ራሱን የላጨሁት።

"እትዬ ጤናዬ፣ ልሰናበትሽ ነው የመጣሁ" አለኝ። "ልጆቼ ውኃ ሲወርዱ የሌባው ልጆች ይባላሉ። ከእንግዲህስ አልችልም። እህሌን ሰብስቤ ሁመራ እወርዳለሁ።"

አለቀስኩ። ቆላ የወረደ ሰው ሁሉ እንደማይመለስ አውቃለሁ። ማታ ለላቀው ነገርኩት። "ይሂድ፣ እዚያም በቅሎ አለ" ብሎ ተኛ። ወዲያው አንኮራፋ።

በወሩ፣ በሁለት ሺህ ስድስት ጥቅምት ላይ፣ ደባርቅ "የብርሃን ጥበብ ፌስቲቫል" የሚባል ነገር መጣባት። መብራት እንደ እንግዳ አልፎ አልፎ ብቅ በሚልበት ከተማ የብርሃን በዓል! ፈረንጆቹ በአገራቸው የዛፍ ቅጠል ሲረግፍ፣ ማታ ማታ ከተማውን በመብራት ሥዕል እየሸፈኑ ሲዞሩ ያመሻሉ አሉ። አንዲት ሠዓሊ ያንን በደባርቅ ላሳይ ብላ የእህል መጋዘኑን ነጭ ግድግዳ ለምና ተሰጣት። ሥዕሉ ከፕሮጀክተር እየወጣ ግድግዳው ላይ ይንቀሳቀሳል።

ለቱሪስት አስጎብኚ የሆነው የጎረቤታችን ልጅ ጥበብ ከከተማ እየሮጠ መጣ።

"ጋሽ ላቀው፣ ሰርፕራይዝ ይዤ መጣሁ! ትናንት ሲሞክሩት አይቼ ነው፤ ሸጊት ግድግዳው ላይ ትሄዳለች!"

ላቀው የያዘውን ሣር ጣለ። "ማን ይስባታል?"

"እሱን አላየሁም። ጆሮዋን አይቼ ነው የሮጥኩት።"

ሌላ ሰው ቢሆን ሄዶ አይቶ ይመለስ ነበር። ላቀው ግን የጠፋ ከብት በሰው እጅ ሲገኝ እንደሚደረገው ሥርዓቱን ጀመረ። መምሬ ተክለ ማርያምን ከሁለት ሽማግሌ ጋር ጠራ። ለስጦታም "ወንድ ከሆነ መጥቶ ፊት ለፊት ይያት" ብሎ ላከበት። ስጦታ "እመጣለሁ፤ ነጻ ካልወጣሁ ግን በማግስቱ እሄዳለሁ" ብሎ መለሰ። እኔም ነጠላዬን ለብሼ ተከተልኩ፤ ማን ይቀራል? ከበር ስንወጣ ባሌ ኮርቻ ተሸክሞ፣ ልጓም በእጁ ይዟል።

"አንተ ሰውዬ፣ ሥዕል ነው አልተባልክም?"

"አውቃለሁ ሥዕል እንደሆነ!" አለኝ ተቆጥቶ። ትንሽ ሄድ አለና "ምን ይታወቃል ብዬ ነው" አለ።

ስንደርስ አገር ምድሩ ወጥቷል። ግድግዳው ላይ ጎጆ የሚያህሉ አበቦች ይፈነዳሉ፤ ቀጥሎ ዓሣ ይዋኛል። ጣናን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሕዝብ ዓሣው ጭራውን በወዘወዘ ቁጥር "ኧረ!" ይላል። እኔም አልኩ፤ ምን ልዋሻችሁ፣ ደስ ይላል። አንዱ ቀይ ዓሣ በመምሬ ጥምጥም ላይ ሊያልፍ ሲል መምሬ በእጃቸው በያዙት የዝንብ ጭራ እሽ አሉት።

ላቀው ዓሣ ሊያይ አልመጣም። ከግድግዳው ፊት አጎዛ አነጠፈና ሽማግሌዎቹን አስቀመጠ። ስጦታ በግራ ቆመ፣ እሱ በቀኝ። ጋቢውን አደግድጎ፣ ዱላውን ሰብቆ "በላ ልበልሃ!" ሲል ሕዝቡ ፊቱን ከዓሣው ወደ እኛ አዞረ። ቲያትር መስሎታል መሰለኝ፣ አጨበጨበ። ላቀው ደግሞ ለእውነቱ የተጨበጨበለት መስሎት ደረቱን ነፋ።

"በቅሎዬን ከነምልክቷ ላሳይ..." ብሎ ሲጀምር መምሬ እጃቸውን አነሱ።

"የታለች በቅሎዋ?"

"ከዓሣው ቀጥሎ ቀበሮ አለ፣ ከዚያ እሷ ናት" አለ ጥበብ።

"እንግዲያው ዓሣው እስኪያልፍ ችሎቱ ይቆይ።"

ዓሣው አለፈ። ቀበሮው መጣ። "ቀበሮውም ይለፍ" አሉ መምሬ። ቀበሮው ሊያልፍ ጭራው ብቻ ሲቀረው መብራት ጠፋ።

"ይኼ የስጦታ ሥራ ነው!" አለ ላቀው በጨለማው ውስጥ።

"መምሬ፣ ይጠየቅልኝ" አለ ስጦታ፤ "መብራቱንም እኔ ሰርቄው ይሆን?"

ሕዝቡ በሳቅ ፈነዳ። እኔም ሳቄ ሲያመልጠኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ። መምሬ በጨለማ ምስክር አይሰማም ስላሉ ቁጭ አልን፣ ጄኔሬተሩ ተንተከተከ፣ ጢሱ አስሳለን፣ ብርሃኑ ተመለሰ። ሸጊት መጣች።

ወይኔ ሸጊት! ከመጋዘኑ ጣሪያ እስከ መሬት እሷ ብቻ። የተቆረጠው ጆሮዋ፣ ነጩ እግሯ፣ የጓሳውን ሣር ስታኝክ አፏ ወደ ጎን የሚሄደው ሳይቀር። ላቀው ልጓሙን እንደያዘ ወደ ግድግዳው ተራመደና ራሱን ገታ። "ሸጊት" አለ ቀስ ብሎ። እኔን እንደዚያ አድርጎ ጠርቶኝ አያውቅም፤ ቀናሁ፣ አንጀቴንም በላኝ።

"ገመዷን እዩ! ማን እንደያዘው እዩ!" ብሎ ጮኸ።

ሁላችንም ገመዱን በዓይናችን ተከተልን። ከአንገቷ ይወርድና ጓሳው ላይ ይጎተታል። ጫፉን የያዘ ሰው የለም፤ የታሰረበት ጅብራም የለም። ሸጊት እንደ ልቧ እየነጨች ወደ ጉሙ ትሄዳለች። ከኋላዋ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፍቶ ተጋድሟል።

"ማነው ይኼ?" አሉ መምሬ።

"ጋቢ የለበሰ ሰው ነዋ" አለ ላቀው ቶሎ ብሎ። "ጋቢ የሌለው ማን አለ? የስጦታ ግብረ አበር ይሆናል!"

ያን ጊዜ ሞንታርቦው ተከፈተ። የመጋዘኑ ቆርቆሮ እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አንድ ድምፅ መጣ። ኽርርር ብሎ ከፍ ይላል፣ ደግሞ ከፍ ይላል፣ ከዚያ ጭራሽ ይቆማል፤ ሞተ እንዴ ስትሉ በቀጭን ፉጨት ይወጣል። ሠዓሊዋ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጣለች።

"የዛሬ አራት ዓመት ጨነቅ ላይ ቀርፃው ነው" አለ ጥበብ። "ስሙን 'የተራራው ትንፋሽ' ብላዋለች።"

ተራራ! ያንን ተራራ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጎኔ አድርጌው አድሬአለሁ።

መምሬ ወደ እኔ ዞሩ። "ጤናዬ፣ በእግዚአብሔር ፊት ተናገሪ። ይኼ የማን ድምፅ ነው?"

ላቀው አየኝ። ኩሩ ነው፣ ለምኖኝ አያውቅም፤ ያን ጊዜ በዓይኑ ለመነኝ። ስጦታ ደግሞ አቀርቅሮ እግሩን ያያል። እግሩ ላይ አዲስ ጫማ አድርጓል፤ ለሁመራ መንገድ የገዛው ነው።

"የባሌ ነው" አልኩ። "ፉጨቱ ሳይቀር። ካላመናችሁኝ ጎረቤቱን ጠይቁ፣ ላሞቹን ጠይቁ!"

ሕዝቡ ላቀውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ በሳቅ ተንከተከተ። ጎረምሶቹ እያፏጩ ማንኮራፋት ጀመሩ። ላቀው ኮርቻውን እንደተሸከመ የሚገባበት ጠፋው። ኀፍረት ቢይዘው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ፤ ያ ደግሞ ግድግዳው ላይ የተኛውን ሰውዬ ቁርጥ አደረገው። ሳቁ ባሰ። በሕይወቴ እንደዚያ አዝኜለት አላውቅም።

"ስጦታ፣ ነጻ ነህ" አሉ መምሬ። "ላቀው፣ አንተ ደግሞ..."

ሳይጨርሱ ስጦታ ከቦታው ተነሳ። ሊሄድ ነው አልኩ፤ በዚያው ሁመራ። እሱ ግን ጋቢውን ከትከሻው ገፈፈ፣ በሁለት እጁ ወጠረው፣ ሄዶ ፕሮጀክተሩ ፊት ተገተረ። የጋቢው ጥላ ግድግዳው ላይ ወረደና የተኛውን ሰው ከራስ እስከ እግሩ አለበሰው።

"በቃችሁ! ወንድሜ ነው!" ብሎ ጮኸ። "ሰው ተኝቶ አይታይም!"

ሳቁ እየበረደ ሄደ። ሠዓሊዋ ብቻ የበዓሉ ክፍል መስሏት አጨበጨበች። ማንኮራፋቱን ግን በጋቢ መጋረድ አይቻልም፤ ከሞንታርቦው እንደ ጉድ ይወርዳል።

ላቀው ኮርቻውን አወረደ። ባርኔጣውን አወለቀና ወደ ወንድሙ ሄደ። አራት ዓመት ሙሉ ፊቱን አይቶ ስሙን ጠርቶት አያውቅም። አሁን እግሩ ላይ ይወድቃል ብዬ ትንፋሼን ዋጥኩ።

"ስጦታ" አለ።

"አቤት ጋሼ።"

"እስቲ ትንሽ ዞር በልልኝ። በየት በኩል እንደሄደች ልያት።" ቀጥሎም ዓይኑን ከግድግዳው ሳይነቅል "ደግሞ ይቅር በለኝ" አለው።

ስጦታ አፉን ከፍቶ አየው። ሊስቅ ሲል ነው መሰለኝ እንባው የቀደመው። ጋቢውን አወረደ። ሸጊት ግን ጉሙ ውስጥ ገብታለች፤ ግድግዳው ላይ አበባ ብቻ ይፈነዳል።

"ትመለሳለች?" አለ ላቀው።

"ዓሣው ያልፍና፣ ቀበሮው ያልፍና ትመጣለች" አለ ጥበብ።

ላቀው አጎዛው ላይ ቁጭ ብሎ በእጁ አጠገቡን መታ መታ አደረገ። ስጦታ ለሁመራ የገዛውን ጫማ አወለቀና ተቀመጠ።