በሽታ ጠቋሚዋ

የቴሌቪዥን ጣቢያ ዕቃ ሠሪ ነበር። ተዋንያን በእጃቸው የሚይዙትን ሁሉ፣ ሽጉጡንም ሐብሉንም፣ ምድር ቤት ባለችው ጠባብ ክፍሉ የሚያበጀው እሱ ነው። ጣቶቹ ላይ ሙጫ ደርቆ ስለማይጠፋ ባልደረቦቹ «ሙጬ» ይሉታል።

ጣቢያው ስለ ጠፈር ተጓዦች ተከታታይ ድራማ ሲጀምር፣ የመርከቧ ሐኪም በሽተኛ ላይ እያንዣበበ በሽታ የሚያውቅባት፣ በእጅ የምትያዝ መሣሪያ እንዲሠራ ታዘዘ። ከሳሙና ማስቀመጫ፣ ከሁለት ትንንሽ አምፖሎችና ከአሮጌ የበር ደወል ገጣጥሞ ሠራት። ከጎኗ ያለውን ቁልፍ አንዴ ሲጫኑት አረንጓዴ፣ ሁለቴ ሲጫኑት ቀይ ትበራለች። በቃ፣ ሌላ ነገር የላትም።

ሙጬ ግን ለይስሙላ መሥራት አይሆንለትም። ዕቃው እውነተኛ ቢሆን እንዴት ይሠራ እንደነበር ካላወቀ ሆዱ አያርፍም። ስለዚህ ሐኪሙን ሆኖ የሚጫወተውን ተዋናይ አስቀምጦ አስረዳው። መሣሪያዋ ጆሮ የማይሰማው ድምፅ ወደ ሰውነት ትልካለች፤ ድምፁ እንደ ገደል ማሚቶ ይመለሳል፤ የጤነኛና የታመመ ሥጋ ማሚቶ ይለያያል፤ እሷ ልዩነቱን ከቆዳው ሙቀትና ከትንፋሹ ሽታ ጋር አገናዝባ ትፈርዳለች። «እና አትቸኩል፤ ማሚቶው እስኪመለስ ጠብቅ» አለው። ተዋናዩም እንደተባለው ጭንቅላቱን ዘንበል አድርጎ እያዳመጠ ሲጫወት፣ ያየው ሁሉ አመነው። በየመንገዱም «ዶክተር» ይሉት ጀመር።

ሙጬ ይህንኑ ለታላቅ እህቱም ያወራላት ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ያሳደገችው እሷ ናት፤ ልብስ ሰፊ ነበረች። እሷ የስፌት መኪናዋን እየረገጠች፣ እሱ እጁን እያወናጨፈ ያስረዳታል። የሚገባት ግማሹ ቢሆንም፣ ወንድሟ አዋቂ መሆኑን ለጎረቤት ለማውራት ይበቃት ነበር።

ድራማው አለቀ። ተዋናዩ ሥራ አጣ፤ ፊቱም ቀስ በቀስ ተረሳ። ቆይቶ ሙጬ፣ ሰውየው ከገበያው ጀርባ ክፍል ተከራይቶ፣ ነጭ ጋውን ለብሶ፣ ለማስታወሻ በተሰጠችው መሣሪያ በሽተኛ እንደሚያይ ሰማ። ሳቀ። የትኛው ሞኝ ይሄድለታል ብሎ ተወው።

እህቱ ሄደች። ጡቷ ላይ እብጠት አግኝታ ኖሮ፣ ለማንም ሳትናገር ሄዳ፣ አረንጓዴ በርቶላት፣ ቀልሏት ተመለሰች። ሙጬ ነገሩን ያወቀው ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ እብጠቱ ቆስሎ ክንዷን ማንሣት ሲያቅታት ነው።

«እትዬ፣ እሷ እኮ የሳሙና ማስቀመጫ ናት» አላት። «እኔ አይደለሁ እንዴ የሠራኋት?»

«አንተ ስለሠራሃትማ ነው የሄድኩት» አለችው። «ሌላ ሰው ቢሠራትማ ምን አባቴ ልሠራ እሄዳለሁ? ማሚቶው ተመልሶ ይነግራታል አላልከኝም?»

ለጨዋታ ነበር ሊላት ፈለገ። ግን ሲነግራት እንደ ጨዋታ አልነበረም የነገራት።

ሆስፒታል ወሰዳት። ሐኪሟ ምነው ቀደም ብላችሁ ብትመጡ ከማለት በቀር የምትጨምረው አልነበራትም። ክረምቱ ሳይገባ ቀበራት።

ከሐዘን እንደተነሣ በቀጥታ ወደ ተዋናዩ ክፍል ሄደ። አግዳሚው ላይ ሰው ተደርድሯል። መሣሪያዋን ከሰውየው እጅ መንጭቆ ክዳኗን ፈለቀቀና ባትሪውን፣ አምፖሉን፣ ሽቦውን አንድ በአንድ አሳያቸው። የሠራት እሱ እንደሆነና ምንም እንደማታውቅ ነገራቸው።

ተዋናዩ አልተቆጣም። «እኔ እኮ እሰማው ነበር» አለ አንገቱን ደፍቶ። «እንዳልከኝ እየጠበቅኩ፣ ማሚቶውን እሰማው ነበር።» እውነቱን ይሁን እየተጫወተ፣ ሙጬ መለየት አቃተው።

ያኔ አንዲት ሴት ከአግዳሚው ተነሥታ ቀረበችውና ያቀፈችውን ልጅ ዘረጋችለት።

«ጌታዬ፣ የሠሯት እርስዎ ከሆኑማ፣ እባክዎ እርስዎ ይዩልኝ» አለችው።

ሆስፒታል ውሰጂው አላት። ደጋግሞ አላት። ሴትዮዋ ቅር ብሏት ወደ ቦታዋ ተመለሰች፤ ተዋናዩም ጎንበስ ብሎ የመሣሪያዋን ክዳን ይገጥም ጀመር።

ሙጬ ለፖሊስ አመለከተ። ክፍሉ ጥቂት ጊዜ ተዘግቶ ሌላ ሰፈር ተከፈተ። እሱም ጣቢያውን ለቆ በርና መስኮት መሥራት ጀመረ፤ ደንበኞቹ ስለ ሥራው ቢጠይቁትም ቁመቱንና ስፋቱን ብቻ ነግሯቸው ዝም ይላል።