ሽማግሌዎቹ ቆመው ያዩት ጨዋታ

ባለፈው ቅዳሜ ከቃሊቲ ወደ አቃቂ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ ከኋላዬ የተቀመጡ ሁለት ልጆች ስለ ኳስ ይከራከሩ ነበር። ሁለቱም የእንግሊዝ ክለብ ማሊያ ለብሰዋል። የትኛው ተጫዋች ጉልበቱን እንዳመመው፣ የትኛው አሰልጣኝ ሊባረር እንደሆነ፣ ሁሉንም እንደ ጎረቤታቸው ያውቁታል። መሀል ላይ አንደኛው፣ "እኛ አገር ግን ኳስ የሚባል ነገር ኖሮ ያውቃል?" ሲል ሌላው በሳቅ ፈረሰ። ዝም ማለት ነበረብኝ፤ አልቻልኩም። ዞር ብዬ፣ "በአስር ሰው ከአፍሪካ ሻምፒዮን ጋር እኩል ስንወጣ እናንተ ገና ጡጦ አልጣላችሁም ነበር" አልኳቸው።

"አይተኸዋል ፋዘር?" አለኝ አንዱ።

ፋዘር ይበለኝ ግድ የለም፤ ሠላሳ ስምንት ዓመት ለእሱ ብዙ ነው። የከበደኝ ጥያቄው ነው። "አላየሁትም" አልኩት። ልጆቹ ተያይተው እንደገና ሳቁ። ማስረዳት ብጀምር ታክሲው አዳማ ይደርሳል ብዬ ተውኩት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

ያኔ ቃሊቲ ዋናው መንገድ ዳር በጋሽ ደበበ ጎሚስታ ቤት እሠራ ነበር። የከባድ መኪና ጎማ እፈታለሁ፣ እለጥፋለሁ፣ እነፋለሁ። እጄን በኦሞ ባሸው፣ በአሸዋ ባሸው፣ ምሳዬ ሁሉ ጎማ ጎማ ይለኝ ነበር። ሰናይት ደግሞ አቃቂ በሰቃ አንድ ፎቶ ኮፒ ቤት ትሠራለች። ያለ ጉዳዬ መታወቂያዬን ኮፒ ሳስደርግ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሰባት ጊዜ መሆኑን ቆጥራ የነገረችኝ እሷ ናት። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው።

ችግሩ አባቷ ናቸው። ጋሽ በላይነህ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ አንድ ልጃቸውን ብቻቸውን ያሳደጉ፣ ንግግራቸው አጭር፣ ጉልበታቸው ሐዲድ ላይ የተጎዳ ሰው። ከልጃቸው ቀጥሎ የሚወዱት ኳስ ነው። ብሔራዊ ቡድናችን ከዚያ ዓመት በፊት ለመጨረሻ ጊዜ ወደ አፍሪካ ዋንጫ የሄደ ጊዜ ጎረምሳ ነበሩ፤ ከዚያ ወዲህ ሠላሳ አንድ ዓመት ጠበቁ። ታዲያ ማጣሪያውን አልፈን አገሩ በደስታ ባበደበት ቀን እኔ ሸሚዜን አውልቄ፣ ፊቴን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ተቀብቼ፣ አንድ አይሱዙ ላይ ወጥቼ ስጮኽ መንገድ ዳር ቆመው አይተውኛል። ከሁለት ወር በኋላ ሽማግሌ ስልክባቸው፣ "ያ አይሱዙ ላይ የነበረው ነው?" አሉ አሉ። "ልጁ ክፉ አይደለም። እግሩ ግን አይረጋም። የመኪና መንገድ ላይ የሚውል ልጅ ዛሬ ቃሊቲ ነው፣ ነገ ሞያሌ ነው። ላስብበት፤ ጥምቀት ባለፈ ሰኞ ተመለሱ።"

ሰናይት ይህን ስትሰማ ወደ ጎሚስታው መጥታ ጎማ ላይ ተቀመጠች። አክስቷ ዱባይ ሥራ አግኝታላታለች፣ ቪዛው ወጥቷል፣ መሄጃዋ በጥር መጨረሻ ነው። የአባቷ ጡረታ ለሁለት ሰው አይበቃም፤ የፎቶ ኮፒው ደመወዝም ያው ነው። "ሰኞ አባዬ እሺ ካለ እቀራለሁ፣ ተጋግዘን እንኖራለን" አለችኝ። "እምቢ ካለ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ የሁለታችሁን ፊት አላይም። እሄዳለሁ።" ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም።

ጥምቀት ባለፈ ሰኞ። ማንም አላሰበውም። የከተራ ዕለት ከጎማ ስር ተኝቼ ራዲዮ ስሰማ ነው የገባኝ፤ የመጀመሪያው ጨዋታችን፣ ከሻምፒዮኗ ዛምቢያ ጋር፣ በዚያው ሰኞ አመሻሽ፣ ልክ በቀጠሯችን ሰዓት ነው። ሮጬ ለጋሽ ደበበ ነገርኳቸው። የሽማግሌዎቹ አፈ ጉባኤ እሳቸው ነበሩ። የጎማ መፍቻ ቁልፉን ከእጃቸው ጣሉት።

"ቀን እናስለውጥ?" አልኳቸው።

"አብደሃል? ቀን ይለወጥልን ካልን ልጅቷን ለኳስ ናቅናት ማለት ነው።"

"ጋሽ በላይነህስ ራሳቸው አይለውጡትም?"

"ሽማግሌ ገፉ እንዲባሉ? አያደርጉትም።" ጢማቸውን አሹ። "ሠላሳ አንድ ዓመት ጠብቄ፣ አንተ ልጅ። ባንተ ሠርግ ላይ ሁለት ጊዜ እበላለሁ።"

በኋላ እንደሰማነው ጋሽ በላይነህም ቤታቸው ውስጥ የቀን መቁጠሪያውን እያዩ በራሳቸው ሲበሳጩ ነበር የሰነበቱት። ሁለቱም ወገን እየተቃጠለ ቀጠሮውን አከበረ።

ሰኞ ደረሰ። የጥር ፀሐይ ቀኑን ሙሉ ስትጠብሰን ውላ አመሻሹ ላይ ያ ደረቅ ንፋስ ተነሳ፤ አቧራው አፍ ውስጥ ይገባል። ሽማግሌዎቹ ሦስት ናቸው፤ ጋሽ ደበበ፣ የእናቴ የንስሐ አባት አባ ገብረ ሥላሴ፣ እና ከጥንት ጀምሮ በአቃቂ ዳር የሚያርሱ ቤተሰብ ልጅ፣ የሰፈራችን አስታራቂ ኦቦ ቱሉ። ነጭ ጋቢ ለብሰው ገቡ። ሽማግሌ የላከ ልጅ በዚያ ቤት አካባቢ መታየት የለበትም፤ ነውር ነው። "ሂድና ከጓደኞችህ ጋር ኳስህን እይ" ብለውኝ ነበር። ኳስ ማሳያው ቤት በር ድረስ ሄድኩ። ለማጣሪያው ትኬት ስታዲየም በር ላይ ያደርኩ ሰው ነኝ፤ እግሬ ግን አልገባም አለኝ። ተመልሼ ከጋሽ በላይነህ ቆርቆሮ አጥር ስር ቆምኩ።

ውስጥ የሆነውን የነገሩኝ ሰናይትና ጋሽ ደበበ ናቸው። የሁለቱ ወሬ የሚለያየው ማን እንዳለቀሰ ላይ ብቻ ነው።

ሽማግሌ ሲገባ ቴሌቪዥን ይጠፋል። ጋሽ በላይነህ ግን ድምፁን ብቻ ቀነሱና፣ "ኧረ ተቀመጡ" አሉ።

"ጉዳያችን ሳያልቅ አንቀመጥም" አሉ አባ። ወጉ እንደዚያ ነው፤ ሽማግሌ የመጣበትን ሳይዝ ወንበር አይነካም። ሽማግሌ ቆሞ ደግሞ የቤቱ ባለቤት አይቀመጥም። ጋሽ በላይነህም በዚያ ጉልበታቸው ቆሙ።

ጋሽ ደበበ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ አቶ በላይነህ፣ ባለፈው እንደነገርንዎት፣ ልጅዎን ለልጃችን..." ሲሉ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጠ። ለእኛ።

"አንዴ ይቆዩኝ" አሉ ጋሽ በላይነህ።

ቆዩ። አልገባም። አራቱም እጃቸውን ጭንቅላታቸው ላይ ጫኑ፤ አባ ስለ ኳስ የሚያውቁት ነገር ባይኖርም ሌሎቹን አይተው ጫኑ። ትንሽ ቆይተው ጋሽ ደበበ "ልጅዎን" ብለው እንደገና ሲጀምሩ በረኛችን በቀይ ካርድ ወጣ። እረፍት ሊወጣ ሲል ደግሞ ገባብን። ጋሽ በላይነህ ለቅሶ ላይ ያሉ ይመስሉ ነበር። ኦቦ ቱሉ ወደ ጋሽ ደበበ ጆሮ ጠጋ ብለው፣ "አሁን ከጠየቅን እንኳን ልጅ፣ ውሃም አይሰጡንም" አሉ። ስለዚህ ጨዋታው እስኪያልቅ ሊጠብቁ ተስማሙ፤ እንደቆሙ።

እኔ ደግሞ በጆሮዬ እያየሁ ነው። ሰፈሩ "ኡ" ሲል ስተናል፣ ጸጥ ሲል ገብቶብናል። መንገዱ ላይ ሰው የለም። የመኪና ተራው ጥበቃ ትንሿን ራዲዮ ጆሮው ላይ ለጥፎ ሲያልፍ አየኝ፤ "በአስር ሰው ቀርተናል፣ አንተ እዚህ አጥር ትደግፋለህ?" ብሎኝ ሄደ። ኪሴ ውስጥ በወረቀት የተጠቀለለ ለውዝ ነበረኝ፤ አንድ አንድ እያልኩ በላሁት። ፈርቼ ነበር። ከኳሱ ይልቅ የጥር መጨረሻን ነበር የፈራሁት።

ከዚያ ሰፈሩ ፈነዳ። ከአቃቂ እስከ ቃሊቲ ያለው ቆርቆሮ ሁሉ አንድ ላይ የተመታ መሰለኝ። ገባ፣ አንድ እኩል። ብቻዬን ዘለልኩ፤ የማቅፈው ሰው ሳጣ የመብራት ምሰሶ አቀፍኩ። ውስጥ ጋሽ በላይነህ ኦቦ ቱሉን አንገታቸው ላይ ተጠምጥመው እየሳሙ ነበር። አባ፣ "የገባው በእነሱ ነው በእኛ?" ብለው ጠየቁና በእነሱ መሆኑ ሲነገራቸው መስቀላቸውን አውጥተው ቴሌቪዥኑን ባረኩ። የቀረውን ደቂቃ ሁሉ አስሩ ልጆች ሲከላከሉ አራቱ ሰዎች አብረዋቸው ቆሙ።

ፊሽካው ሲነፋ ጋሽ በላይነህ ወንበራቸው ላይ ዘጭ አሉ። ሦስቱ ሽማግሌዎችም ሳያስቡት ተቀመጡ። ጥያቄው ገና አልተጠየቀም። መጀመሪያ የነቁት አባ ናቸው፤ ጋቢያቸውን ሰብስበው ሊነሱ ሲሉ ጋሽ በላይነህ እጃቸውን ያዙ።

"ይቀመጡ አባ። የመጣችሁበትን አውቀዋለሁ፤ ያልኳችሁንም አልረሳችሁም። ልጁ እግሩ አይረጋም። አሁንስ የትኛው መኪና ላይ ወጥቶ እየጨፈረ እንደሆነ ማን ያውቃል?"

ሽማግሌዎቹም እንደዚያ ነበር የመሰላቸው። የምትጠየቅ ልጅ ጓዳ ትቀመጣለች እንጂ በሽማግሌ መሀል አትናገርም። ሰናይት ግን መጋረጃውን ገልጣ ወጣች።

"በር ላይ ነው አባዬ። ጨዋታው ከተጀመረ ጀምሮ በመስኮት እያየሁት ነው። ጨዋታውን አላየም።"

የቆርቆሮው በር ሲከፈት አስታውሳለሁ። ጋሽ በላይነህ እያነከሱ ወጥተው ከፊቴ ቆሙ። የምሸሽበት አጣሁ።

"ውጤቱ ስንት ነው?" አሉኝ።

"አንድ ለአንድ ይመስለኛል፣ ጋሼ።"

"ይመስልሃል? ማን አገባ?"

"አላውቅም። በአጥሩ ነው የሰማሁት።"

በአንድ እጃቸው በሩን ያዙ። ከኋላዬ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉ፣ ጎረምሶች ጣራ ላይ ሆነው እየዘፈኑ ያልፋሉ። "እናቷ እሷን ስትወልድ" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "እኔ ሆስፒታሉ በር ላይ አልነበርኩም። ኳስ በራዲዮ እየሰማሁ ነበር። እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።" ከዚያ በሩን ገፋ አደረጉት። "ግባ። ጎሉን ደግመው ያሳያሉ።"

ገባሁ። ጫማዬን ስጠርግ መብራት ጠፋ።

ጎሉን እስከ ዛሬ አላየሁትም። ስልክህ ላይ አለ ይሉኛል፤ ይኑር። ከዚያ በኋላ ያሉትን ሁለት ጨዋታዎች ግን ከአማቼ ጎን ሆኜ፣ ሰናይት የጋገረችውን ዳቦ እየበላሁ በሙሉ አየሁ። በመጀመሪያው አራት ገባብን፣ በሁለተኛው ሁለት። ከምድባችን መጨረሻ ሆነን ተመለስን። ጋሽ በላይነህ አልተናደዱም፤ "መጥተው ነበር እኮ" አሉ፣ የሩቅ ዘመድ እንደሸኘ ሰው። ሠርጋችን ከፋሲካ በኋላ ሆነ፣ ጋሽ ደበበም እንዳሉት ሁለት ጊዜ በሉ። አማቼ ካረፉ አራት ዓመት ሆናቸው። እኔ አሁን የራሴ ጎሚስታ አለኝ፤ ከዚያው ከቃሊቲ ንቅንቅ አላልኩም።

ቅዳሜ ቤት ገብቼ የታክሲውን ልጆች ወሬ ለሰናይት ስነግራት እየሳቀች ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ለልጆቹ ምን ብዬ መመለስ እንደነበረብኝ አብረን አሰብን። ቡድኑ አላሸነፈም። ዋንጫ አላመጣም። እኩል ወጥቶ፣ ሁለቴ ተሸንፎ መጣ፤ በቃ። ይህንን ደግሞ ለማያውቅ ሰው ብታወራው ታሪክም አይሆንም። ከዚያ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ በአስራ ሦስት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ያልጠየቅኳትን ጠየቅኳት።

"አባትሽ ያን ቀን እምቢ ቢሉ፣ እውነት ትሄጂ ነበር?"

ቢላዋውን አቆመች። ልጆቻችን ግቢ ውስጥ ይጯጯሃሉ።

"እሄድ ነበር" አለች። "እያለቀስኩም ቢሆን እሄድ ነበር።"

እስከዛሬ ሳልጠይቃት የቆየሁት መልሱን ስለማውቀው ነው መሰለኝ። ቢላዋውን ከእጇ ተቀብዬ የቀረውን ሽንኩርት እኔ ከተፍኩት።