ማስታወሻዬን የበላው ላይብረሪ

ደብረ ታቦር ውስጥ በአንድ የግል ጫጩት ማስፈልፈያ እሠራለሁ። እንቁላሉ ከእብናትና ከሐሙሲት ይመጣል፤ የማስፈልፈያ ማሽኖቹን ሙቀት የሚቆጣጠረውን ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ነኝ። የየማሽኑ የሙቀት ልክ የሚቀመጠው በአንድ ተራ የሴቲንግ ፋይል ውስጥ ነው። ፋይሉን ለማንበብና ለመጻፍ የተጠቀምኩበት ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው ያዘጋጀው ኮድ፣ ትንሽዬ ነበረች። ሥራዋን ታውቃለች፤ የታዘዘችውን ቁጥር ትቀይራለች፣ ሌላውን አትነካም።

የማስፈልፈያው ባለቤት ኮምፒውተር የማይነኩ ሽማግሌ ናቸው። የእህታቸው ልጅ «ሲስተሙን ላዘምንልዎ» ብሎ ከአዲስ አበባ መጣና ስብሰባ ጠራ። ተሰብሳቢዎቹ እሱና እኔ ነበርን።

«ይሄ የልጅ ጨዋታ ነው» አለኝ ላይብረሪዋን እያየ። «ትልልቅ ድርጅቶች እንዲህ ያለ ነገር አይጠቀሙም።»

«እኛኮ የምናስፈለፍለው ጫጩት ነው።»

«አስተሳሰብሽን አሳድጊ» አለኝ።

አስተሳሰቤን ሳላሳድግ እናቴን ለጉልበቷ ወንዛዬ ፍል ውሃ ይዣት ሄድኩ። እሱ ደግሞ ኢንተርኔታችን ቀኑን ሙሉ አቃስቶ ያወረደውን ግዙፍ ላይብረሪ በእኔዋ ቦታ ተከለው። የእሱ ላይብረሪ ፋይሉን ሲያስቀምጥ ቁጥሮቹን ብቻ ይዞ፣ ከጎናቸው በአማርኛ የጻፍኳቸውን ማስታወሻዎች ጠራርጎ አጠፋ። አንደኛው «የሁለተኛው ማሽን ቴርሞሜትር አሳንሶ ነው የሚያነበው፤ ይህን ቁጥር ከፍ አታድርጉ» ይል ነበር።

እንቁላሎቹን የምትከታተለው ሴት የዚያ ማሽን ቁጥር ከሌሎቹ ያነሰበትን ምክንያት ጠየቀችው። «ስህተት ነው» አለና ራሱ ከፍ አደረገው።

ስመለስ የሁለተኛው ማሽን እንቁላል በሙሉ ሞቶ ነበር፤ ሴትዮዋ የሆነውን ሁሉ በር ላይ ነገረችኝ። የእህት ልጅ አጎቱ ፊት ቆሞ፣ ዓይኑን ሳያሽ፣ «ሴትዮዋ ነካክታው ይሆናል» ይላል። እሷ አንገቷን ደፍታለች።

«ጋሼ፣ እሷማ ጠይቃዋለች» አልኳቸው። «ቁጥሩን የቀየረው እሱ ነው። ማስታወሻውንም ያጠፋው የእሱ ላይብረሪ ነው።»

«ማስታወሻ ዳታ አይደለም» አለ እሱ። «ፕሮግራሙ የሚያነበው ዳታ ብቻ ነው።»

«ታዲያ ለሰዉ ማን ይንገረው?» አሉት አጎቱ።

ስልኩን ማየት ጀመረ።

በዚያው ቀን ትንሿን ላይብረሪ መለስኳት፤ ማስታወሻዎቹንም ከያዝኩት ቅጂ አንድ በአንድ በየቦታቸው አስገባሁ። ሴትዮዋ ከሥራዋ አልተፈናቀለችም። እሱ ግን የእህት ልጅ ነውና ቅቤና ማር ተሸክሞ፣ ተመርቆ ተሸኘ።

በቅርቡ ስልኬ ላይ አየሁት። ከአንድ ትልቅ ማይክሮፎን ጀርባ ተቀምጦ ጠንካራ ሲስተም እንዴት እንደሚገነባ ወጣቶችን ያስተምራል። እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት። ስለ እንቁላል አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከቪዲዮው ሥር ብዙ ሰው እያመሰገነው ነበር።