ወላሂ ያልኩባት የቆርቆሮ አውቶቡስ

የተበደልኩትን በደል አስቀድሜ ልጻፈው፤ ኋላ ወሬው ሲበዛ እንዳይጠፋ። በገዛ እጄ ለክቼ ያሠራሁት የቆርቆሮ ሮቦት ታጥፎ አውቶቡስ ሲሆን፣ ጭንቅላቱ እየተነቀለ የልጅ ልጄ ኪስ ውስጥ ይገባ ነበር። ይህን እሷ ታውቃለች። ቆርቆሮውን የቆረጠልን ሰውዬ ያውቃል። እሑድ እሑድ አብረውኝ ሻሂ የሚጠጡት ሁሉ ያውቃሉ። እኔ ብቻ ሳላውቅ፣ «ወላሂ፣ ከዚህ ላይ አንዲት ሽቦ እንኳ አትነቀልም» እያልኩ በሰው ፊት ስምል፣ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ዝም ብለው ሰሙኝ። በሐሰት አስማሉኝ። መጫወቻ ነው፣ ተዪው የሚሉኝ አሉ። እሺ፣ መጫወቻ ነው። መሐላው ግን የኔ ነው።

ከመነሻው ልጀምር።

ባሌ የዚህ አገር ሰው ነበር፤ ከወሎ አምጥቶ ማይ ጭሆት የሚባል ሠፈር አስቀመጠኝ። ሥራው ጃንጥላ መጠገን ነበር። ሲሞት ጉጠቱንና የሽቦ ጥቅሉን ተወልኝ፤ እኔም እሱ ይቀመጥበት በነበረው ደጃፍ ላይ ተቀምጬ ቀጠልኩ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ጃንጥላ ግን የሚያስተምረው አለው። ስምንቱም አጥንቶቹ በአንድ ቀለበት ይንቀሳቀሳሉ፤ ቀለበቱን ስትገፋው ይከፈታል፣ ስትስበው ይዘጋል፣ ሲዘጋ አንዱም አጥንት ውጭ አይቀርም። ከቀረ ተሰብሯል ማለት ነው፤ ያኔ ወደኔ ይመጣል።

ነጻነት ከመጣ በኋላ ሰው ከውጭ አገር ሻንጣ እየያዘ መመላለስ ጀመረ። ከጣሊያን የሚመጡ ዘመዶች የቪዲዮ ካሴት ያመጣሉ፤ ካሴቱ ላይ ጃፓኖች ሠርተውት ጣሊያንኛ የሚናገር ካርቱን አለ። ማኪናው ብድግ ይልና ሰው ይሆናል፣ አውሮፕላኑ እግር ያወጣል። አንዳንዱ ዘመድ ደግሞ ሮቦቱን ራሱን ከነካርቶኑ ያመጣል። ልጆች የሚጫወቱበት መስሎኝ ነበር። ኋላ ሳይ፣ የሚጣሉበት ጢም ያወጡ ሰዎች ናቸው።

መጀመሪያ የመጣው አንድ የገጀረት ሠፈር ሰው ነው፤ የባንክ ጸሐፊ። ክራባቱን እንዳሰረ ፊቴ ቁጢጥ አለና በመሐረብ እንደ እንቁላል የጠቀለለውን ነገር ፈታ። ክርኑ የተሰበረ ቀይ ሮቦት ነው።

«አደይ፣ ይሄ ይድናል?» አለኝ። እዚህ አገር ትልቅ ሴትን አደይ ይላሉ፣ እናቴ እንደማለት ነው።

«የማነው? የልጅህ ነው?»

«ልጅ የለኝም። የራሴ ነው።»

«አግባና ውለድ፤ ያን ጊዜ ደህና አድርጎ ይሰብርልሃል።»

ሳቀ። ከአሮጌ ጃንጥላ ሽቦ ቆርጬ ክርኑን ሠራሁለት። ሦስት ጊዜ አጠፈው፣ ሦስት ጊዜ ዘረጋው፣ የቐንየለይ ብሎ አመስግኖኝ ሄደ። በሳምንቱ ሌሎች አራት ሰዎች ይዞ መጣ።

እነዚህ ሰዎች እሑድ ከሰዓት በኋላ ፌርማታው አጠገብ ያለው ሻሂ ቤት ይሰበሰባሉ። እኔንም ጠሩኝ፤ መጀመሪያ ለጥገና፣ ኋላ ለዳኝነት። የልጅ ልጄም ከኔ ጋር ትመጣለች። ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፣ ከኔ ጋር ነው የምትኖረው፤ ዓባየ ትለኛለች፣ አያቴ ማለቷ ነው። ሥዕል ትችላለች። ካሴቱን እያዩ ሮቦቱ እንዴት እንደሚታጠፍ በደብተር የምትስልላቸው እሷ ነበረች።

ክርክራቸውን ለመስማት ብቻ መሄድ ያስደስተኝ ነበር። የመድኃኒት ቤት ሠራተኛው ይጀምራል።

«እጁ የሚወጣው ከደረቱ ውስጥ ነው። ካርቱኑ ላይ በግልጽ ይታያል።»

«ደረቱ ውስጥ ሞተር አለ!» ትላለች የሒሳብ አስተማሪዋ። «እጁ ሞተሩን ወዴት ገፍቶት ነው የሚወጣው?»

«ካርቱን ነዋ!»

«ካርቱን ስለሆነ ቦታ አይፈልግም? መጫወቻው ላይ አሳየኝ።»

«መጫወቻው ላይ ጎማው ትከሻው ላይ ይቀራል። ያስጠላል።»

«ያስጠላ! የት እንደገባ ይታወቃል።»

አስተማሪዋን ወደድኳት።

አንድ እሑድ የባንኩ ሰው ከሚላኖ የመጣለትን አዲስ ሮቦት ይዞ መጣ። ክንድ የሚያህል፣ ብረት የበዛበት፣ ካርቶኑ ራሱ የሚያምር። ሁሉም አንገታቸውን አስግገው አዩት። ወደ አውሮፕላን ሲለውጠው ሁለቱን እጆቹን ከክንዱ ላይ ነቀለና ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተታቸው።

«እጆቹስ?» አልኩት።

«ሲነሣ መልሼ እገጥማቸዋለሁ። አሠራሩ እንደዚያ ነው አደይ፤ ፋብሪካው ራሱ…»

«ፋብሪካው ከዋሸ አንተም ትዋሻለህ?»

ሻሂ ቤቱ በሳቅ ፈነዳ። እኔ አልሳቅሁም። «ተለወጠ የሚባለው ያለውን ሁሉ ይዞ የተለወጠ ነው። እጁን ደጅ ጥሎ የገባ፣ እሱ ተቆርጧል። ከጠረጴዛው ግርጌ ይቀመጥ» አልኩ። የሰውየው ጆሮ ቀላ። ሮቦቱን ግን አንሥቶ ከጠረጴዛው ግርጌ አስቀመጠው፣ እንደ ፈረድኩት። ከዚያ ወዲህ ሕግ ሆነ፤ አዲስ ሮቦት የመጣ እንደሆነ መጀመሪያ የሚጠየቀው «ይነቀላል?» ነው። የሚነቀል ግርጌ፣ የማይነቀል ራስጌ።

የባንኩ ሰው ያን ዕለት ሲወጣ ደጃፉ ላይ፣ «እንግዲያው አደይ፣ የማይነቀል ሠርተው ያሳዩን» አለኝ። በክፋት አልነበረም የተናገረው። እኔ ግን እልኬ ተነሣ።

የልጅ ልጄ በባለ ካሬ መስመር ደብተር ቀይ የከተማ አውቶቡስ ሳለች፤ ሲቆም ሰው ይሆናል። ሆዱ ውስጥ የጃንጥላ ቀለበት አደረግንለት፤ ቀለበቱ ሲሳብ እጅና እግሩ አንድ ላይ ይሰበሰባል። ይህን ያሰብኩት እኔ ነኝ፤ እስከ ዛሬም አፍሬበት አላውቅም። ጭንቅላቱ ደግሞ ወደ ታች ሰጥሞ ከሹፌሩ ወንበር ጀርባ እንዲገባ ነው። ልኩን በጣቴ እየለካሁ ነገርኳት፣ እሷ ጻፈች። ጭንቅላቱን ተለቅ አደረግሁት፤ ትንሽ ጭንቅላት ሰው ላይም አልወድም።

ደብተሩን ይዘን በእግራችን ወደ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ገበያ፣ ወደ መደበር ወረድን። ከመዶሻው ጩኸት የተነሣ እዚያ ሰው የሚነጋገረው ጆሮ ለጆሮ ነው። ቆርቆሮ ሠሪው የዘይት ጣሳ ቀድዶ ምድጃ የሚያወጣ ሰው ነው። ሥዕሉን አዟዙሮ አየው።

«ምንድነው? ሰው ነው ወይስ አውቶቡስ?»

«ሁለቱም ነው» አልኩት።

«እንግዲያው ትኬቱን ማን ይቆርጣል?» አለና ሠራው። ለዘጠኝ ቀን ያህል የልጅ ልጄ እየተመላለሰች አጠገቡ ቆማ አሠራችው። በአሥረኛው ቀን ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ቤት መጣ። አልጋዬ ላይ አቆመችው፤ ሙሉ ሰው ነበር። ከዚያ ዞር ብላ ጀርባዋን ሰጥታኝ አጠፈችው፣ ስትመለስ አውቶቡስ ይዛለች። እልል አልኩ። እኔም ልሞክር ብዬ እጄን ስዘረጋ፣ «ዓባየ፣ ጠርዙ ገና አልተሞረደም፣ ይቆርጥሻል። እኔ ልዝጋው» አለችኝ። እኔም አሰበችልኝ አልኩ።

በዚያው ሳምንት እሑድ ሻሂ ቤት ይዘነው ሄድን። እሷ አጠፈችው፣ እኔ ተነሥቼ ማልኩ። ከዚያም እሑድ በመጣ ቁጥር አዲስ እንግዳ አይጠፋም፤ «ይነቀላል?» ይላል፤ «ወላሂ አይነቀልም» እላለሁ። አውቶቡሷ ራስጌ ትቀመጣለች፣ የሚላኖው ግርጌ።

ግንቦት ላይ ከሌሎች ሠፈሮች የመጡ ሮቦት ወዳጆች ሁሉ ተሰበሰቡ። ወንበር አልበቃ ብሎ ሰው በመስኮት ቆመ። የልጅ ልጄ አጠፈች፣ ተጨበጨበ፣ እኔ ማልኩ። አንድ የማላውቃቸው መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ከፊት ተቀምጠው ነበር።

«ይቅርታ እማማ፣ ጭንቅላቱ የት እንደገባ አልታየኝም» አሉኝ።

«ይምጡ፣ በመስኮቷ ይታያል» አልኩና ከጠረጴዛው ላይ አነሣኋት። «ዓባየ፣ ተዪው!» አለች የልጅ ልጄ። እኔ ግን አንሥቼ ዓይኔን መስኮቷ ላይ አድርጌያለሁ። ውስጧ ሁለት ሽቦና ባዶ ቆርቆሮ ነው።

«ጭንቅላቱስ?» አልኩ።

ቀና ብዬ አየኋቸው። ሰው ሲደነግጥ ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። እነዚህ አልደነገጡም። አስተማሪዋ ያለቀ ሻሂዋን ታማስላለች። የመድኃኒት ቤቱ ጫማውን ያያል። ያኔ ገባኝ፤ ሁሉም ያውቁ ነበር። የልጅ ልጄ ከቀሚሷ ኪስ ጭንቅላቱን አውጥታ ብርጭቆው አጠገብ አስቀመጠችው። የባንኩ ሰው ተነሣና አውቶቡሷን ቀስ አድርጎ ከእጄ ሊቀበለኝ ሞከረ።

«አደይ፣ ግድ የለም። መጫወቻ እኮ ነው።»

በሰው ፊት ያዋረድኩት እሱን ነበር። መሳቅ ይገባው ነበር፤ ቢስቅ እችለው ነበር። እሱ አዘነልኝ። ያ ነው የገደለኝ።

አልሰጠሁትም። ወደ ሽማግሌው ዞሬ፣ «አባቴ፣ የማልኩት ሐሰት ነው። ይነቀላል» አልኳቸው። ከዚያ አውቶቡሷንም ጭንቅላቱንም ወስጄ ግርጌ፣ ከሚላኖው በታች አስቀመጥኳቸውና ወጣሁ። ከዚያ እሑድ ወዲህ ሻሂ ቤቱን ረግጬው አላውቅም።

በማግሥቱ ጠዋት መደበር ሄድኩ።

«እወ፣ አውቅ ነበር» አለ ቆርቆሮ ሠሪው መዶሻውን አስቀምጦ። «ጭንቅላቱ ከቀዳዳው በአንድ ጣት ይሰፋል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለክተው የሰጡኝ እርስዎ ነዎት። ልኩ ተሳስቷል ብልዎት፣ ቆርቆሮህ ነው ያበጠው ይሉኝ ነበር።»

አጠገቡ የሚቀጠቅጡት ሳቁ። እውነቱን ነው፣ እል ነበር። «ለልጅቷ ግን የዚያኑ ዕለት ነግሬአታለሁ። ጭንቅላቱን እናሳንሰው አልኳት፣ ዓባየ ትልቅ ነው የወደደችው አለችኝ» አለ።

የባንኩ ሰው ደግሞ ጃንጥላ ይዞ ደጃፌ መጣ። ጃንጥላውን ከፍቼ ዘጋሁት።

«ይሄ ምንም አልሆነም።»

«አውቃለሁ፣ አደይ።»

«ጥፋትህን ልትነግረኝ ከሆነ ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። «በሁለተኛው እሑድ ኪሷ ሲያብጥ አየሁት። ስጠይቃት እንዳልነግርዎ ለመነችኝ። ሁላችንንም አንድ በአንድ ለመነችን» አለኝ። ለምን እንደለመነች ግን እሱም አያውቅም። ጃንጥላውን መለስኩለት። ከመሄዱ በፊት፣ ውሸታም ያልኩት ሮቦቱን እንጂ እሱን እንዳልነበረ ነገርኩት። «ያን ዕለት አልመሰለኝም ነበር» አለኝ። ይቅርታ ጠየቅሁት። ይህንንም ጽፌዋለሁ፤ የሰውን በደል ብቻ ጽፎ የራስን መዝለል አይገባም።

የቀረችው የልጅ ልጄ ናት። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖርን፣ ከ«ብዪ» እና «ጠጪ» በስተቀር ቃል አላወጣሁላትም። መጀመሪያ ስጠይቃት አለቀሰች። ሁለተኛ ስጠይቃት ነጠላዋን አንሥታ ወጣች። ክረምቱ ገባ፤ የተሰበረ ጃንጥላ ደጃፌ ላይ ተከመረ፤ እሷም ሳልጠራት እየመጣች አጠገቤ ተቀምጣ ጨርቁን ትሰፋለች። ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ ዝናቡ አባርቶ ሰው ገና ከየጥጉ ሳይወጣ፣ ሦስተኛ ጠየቅኋት።

«በሰው ሁሉ ፊት ሲያስምሉኝ ምን ይሰማሽ ነበር? ይህን ብቻ ንገሪኝ፣ ሌላ አልጠይቅሽም።»

መርፌውን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተወችው።

«የመጀመሪያው እሑድ ልነግርሽ ነበር» አለችኝ። «ቤት እልል ስትዪ አንጀቴ አልቻለም፤ ሻሂ ቤት ገብተን እስክንቀመጥ ግን፣ ጭንቅላቱ አይገባም ዓባየ፣ ልኩን እናስተካክለው ልልሽ አፌ ላይ ነበር። አንቺ ግን ሳትጠይቂኝ ተነሥተሽ ማልሽ። ከማልሽ በኋላ ብነግርሽ በሐሰት የማልሽው አንቺ ትሆኛለሽ። ካልነገርኩሽ የምዋሸው እኔ ብቻ ነኝ።»